የራውቲንግ ፕሮቶኮል ስታንዳርድን ማሻሻል፦ ከችግሩ እስከ አርኤፍሲ ቁጥሩ

በዓለም ያሉ ኔትወርኮች «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» እየተባባሉ መንገድ የሚለዋወጡት በቢጂፒ ነው። የቢጂፒ መሠረታዊ ሰነድ በጥር 2006 የወጣው አርኤፍሲ 4271 ነው (አርኤፍሲ በቁጥሩ የሚታወቅ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ያላነሱ ሌሎች አርኤፍሲዎች ልዩ ልዩ ክፍሎቹን አሻሽለዋል፦ የስህተት አያያዙን፣ የመልእክቱን የመጠን ጣሪያ፣ የኤኤስ ቁጥሩን (እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኔትወርክ የሚታወቅበትን ቁጥር) ስፋት፣ ፖሊሲ (የትኛውን መንገድ ተቀብሎ የትኛውን እንደሚልክ የሚወስን ደንብ) ያልተጻፈለት ራውተር ምን ማድረግ እንዳለበት ጭምር። ያ ሁሉ ሲለወጥ ኢንተርኔት ለጥገና ተብሎ አንድም ቀን አልተዘጋም።

ማሻሻያዎቹን ያረቀቁት ሰዎች ከላይ የተሾሙ አይደሉም። ስታንዳርዱን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ አባልነት የሚባል ነገር የለውም፤ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ረቂቅ ማስገባት ይችላል። ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ወይም የራውቲንግ ሶፍትዌር የሚጽፉ ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች ግን በስታንዳርዱ ውስጥ ቀዳዳ ሲያገኙ በራሳቸው ስክሪፕትና ፊልተር ደፍነውት ያልፋሉ። ይህ መመሪያ ቀዳዳውን ከሥሩ ለመድፈን ለሚፈልጉ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቢጂፒ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መንገድ ለሚመርጡት ለኦኤስፒኤፍም ለአይኤስ-አይኤስም ያው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ሰነዱን መጻፍ ነው። ከባዱ ነገር፣ ሶፍትዌሩ ከዓመታት በፊት ባለበት የቆመ ራውተር ከአዲሱ ጋር ሳይጋጭ እንዲኖር ማድረግ ነው። ስለዚህ በየደረጃው የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሮጌው ራውተር ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል?

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የሰነዱ መሆኑን አረጋግጡ

ሴሽን (በሁለት ጎረቤት ራውተሮች መካከል ያለ የቢጂፒ ግንኙነት) ሲወድቅ ወይም መንገድ ሲጠፋ ምክንያቱ የኮንፊገሬሽን ስህተት፣ የሶፍትዌር ባግ፣ የሰነዱ የአጻጻፍ ግድፈት ወይም የስታንዳርዱ ሐሳብ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው ክስተቱን በትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ እንደገና መፍጠር ነው። ኤፍአርአር፣ በርድና ኦፕንቢጂፒዲ በነጻ የሚገኙ የራውቲንግ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማገናኘት ይቻላል። ትራፊኩን ዋየርሻርክ በሚባለው የትራፊክ መመልከቻ ያዙና የምታዩትን ባይት ከአርኤፍሲው አንቀጽ ጋር አስተያዩ። አንዱ ብቻ ከጽሑፉ ውጭ ከሄደ ባግ ነው፤ ለሠሪዎቹ ሪፖርት አድርጉ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር እያደረጉ ሁሉም «ሰነዱ ይፈቅድልናል» ማለት ከቻሉ ጽሑፉ አሻሚ ነው። ሦስቱም ሰነዱን በትክክል ጠብቀው ኔትወርኩ ከተጎዳ ግን መሻሻል ያለበት ስታንዳርዱ ነው።

የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ በኅዳር 2024 የወጣው አርኤፍሲ 9687 የፈታው ችግር ነው። ቢጂፒ ጎረቤቱ በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው በሆልድ ታይመር ነው። ከጎረቤት ኪፕአላይቭ («አለሁ» የሚል መልእክት) ወይም አፕዴት (የመንገድ ለውጥ መልእክት) በደረሰ ቁጥር ታይመሩ እንደ አዲስ ይቆጥራል፤ ምንም ሳይደርስ ጊዜው ካለቀ ሴሽኑ ይዘጋል። ጎረቤቱ መላኩን ቀጥሎ መቀበሉን ብቻ ቢያቆምስ? የቲሲፒው ዊንዶው (ተቀባዩ «ይህን ያህል ላክልኝ» የሚልበት መጠን) ዜሮ ላይ ይቀራል፤ የእኛ አፕዴቶች በወረፋ ይከማቻሉ፤ የእሱ ኪፕአላይቮች ግን በሰዓታቸው ይደርሱናል። ሆልድ ታይመሩ የሚለካው የምንቀበለውን ብቻ ስለሆነ ሴሽኑ ጤነኛ ይመስላል። እኛ መንገዱን ሰርዘናል፤ ጎረቤታችን ግን ስረዛው ስላልደረሰው ትራፊኩን መላኩን አላቆመም። ከሁለቱ ወገን ሰነዱን የጣሰ የለም። መፍትሔው፣ የምንልከው ሳይሄድ ሲቆይ የሚቆጥር ሁለተኛ ታይመር መጨመር ነበር። የተመከረው ጊዜ 8 ደቂቃ ወይም ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት የሆልድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል።

ያገኛችሁት ነገር የአጻጻፍ ግድፈት ከሆነ፣ ለምሳሌ የመስክ ርዝመት ተሳስቶ ወይም የአንቀጽ ቁጥር ተዛብቶ ከሆነ፣ አዲስ ሰነድ አያስፈልግም። በአርኤፍሲ ኤዲተር በኩል ኢራታ ይመዘገባል። ኢራታ የሚያርመው ሰነዱ በወጣበት ጊዜ ሊባል ታስቦ በትክክል ያልተጻፈውን ነው። «ዛሬ ሲታሰብ እንዲህ ቢሆን ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ በኢራታ ቢገባ ወይ ውድቅ ይሆናል ወይ ለወደፊት ክለሳ ተይዞ ይቀመጣል።

ደረጃ 2፦ የሰነዶቹን ዝምድና እወቁ

አርኤፍሲ አንዴ ከወጣ በኋላ አንዲት ፊደል አይቀየርበትም። ለውጥ የሚመጣው በሌላ አርኤፍሲ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ያሻሽለዋል ወይም ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። ስለዚህ 4271ን ብቻ አንብቦ «ቢጂፒ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው በ2006 ላይ የቆመ ነው። በአይኢቲኤፍ ዳታትራከር ላይ የሰነዱን ገጽ ክፈቱ፤ ያሻሻሉትን ሁሉ ዝርዝር ታያላችሁ። እነሱን፣ ቀጥሎም ኢራታዎቹን አንብቡ። እናንተ ያሰባችሁት ማሻሻያ ቀድሞ ቀርቦ ወድቆ እንደሆነም ጉዳዩን በሚይዘው የአይኢቲኤፍ የሥራ ቡድን የቆዩ የኢሜይል መልእክቶች ውስጥ ፈልጉ። የወደቀ ረቂቅ ካገኛችሁ እንደ ትልቅ ዕድል ቁጠሩት፤ የሚገጥማችሁን ተቃውሞ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

የሰነዱ ማዕረግ እንዳያሳስታችሁ። ከ2011ቱ አርኤፍሲ 6410 ወዲህ በስታንዳርድ መንገድ ላይ ያሉት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፕሮፖዝድ ስታንዳርድና ኢንተርኔት ስታንዳርድ። አርኤፍሲ 4271 ግን የተመዘገበው ድራፍት ስታንዳርድ ተብሎ ነው፤ ይህ ደረጃ አሁን ለማንም አይሰጥም። በሚያዝያ 1998 የወጣው የኦኤስፒኤፍ ሁለተኛ ቅጂ አርኤፍሲ 2328 ደግሞ ሙሉ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ነው። ዓለም በሁለቱም ላይ እኩል ተማምኖ ይሠራል።

ቀጥሎ ትክክለኛውን የሥራ ቡድን ለዩ። የቢጂፒን ፕሮቶኮል የሚነካ ለውጥ ወደ አይዲአር ይሄዳል። ኦኤስፒኤፍና አይኤስ-አይኤስ በ2018 በተዋሃደው ኤልኤስአር ሥር ናቸው። ነባሩን ፕሮቶኮል እንዴት መጠቀም እንደሚሻል የሚመክር ሰነድ ግሮው ወደሚባለው ቡድን ይቀርባል። በስህተት ሌላ ቡድን ዘንድ የሄደ ረቂቅ ወራት ያባክናል፤ ካላወቃችሁ ለሰብሳቢዎቹ አጭር ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አጭር ማሻሻያ ይሻላል ወይስ መላውን ሰነድ እንደገና መጻፍ? የእኔ መልስ ሁልጊዜ አጭሩ ነው። መላውን ሰነድ ስትከፍቱ ሃያ ዓመት የተከማቸ ቅሬታ ሁሉ አብሮ ይከፈታል፤ እናንተ የመጣችሁበት ጉዳይ በዚያ መሃል ይጠፋል። ማሻሻያው ራሱ በሥራ ላይ ሲውል ብዙ ትምህርት ከተገኘበት በኋላ ሊተካ ይችላል፤ ባለ 4 ባይት የኤኤስ ቁጥርን በ2007 ያስተዋወቀው አርኤፍሲ 4893 በ2012 በአርኤፍሲ 6793 የተተካው እንዲህ ነው።

ደረጃ 3፦ ለውጡ በምን መንገድ እንደሚገባ ወስኑ

ብዙ ረቂቆች የሚወድቁት ወይም የሚድኑት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አያለሁ። በሥራ ላይ ባለ ፕሮቶኮል ውስጥ አዲስ ነገር የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ለውጥ ነው። ጎረቤታችሁ ምንም ሳያውቅ እናንተ ሶፍትዌራችሁን ስታድሱ ጥቅሙ ዛሬውኑ ይጀምራል። ከላይ ያየነው የመላኪያ ታይመር እንዲህ ነው። በሐምሌ 2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212ም እንዲሁ፦ ከሌላ ኤኤስ ጋር ባለ ሴሽን ላይ ፖሊሲ ካልተጻፈ ራውተሩ መንገድ አይቀበልም፣ አይልክምም ይላል። ከዚያ በፊት ብዙ ራውተሮች ፖሊሲ ሲጎድል ሁሉንም ተቀብለው ሁሉንም ያስተላልፉ ነበር፤ አንድ መስመር የረሳ ኢንጂነር የሌሎችን ትራፊክ ወደራሱ ሊጎትት ይችል ነበር። በአንድ ወገን የሚሠራ ለውጥ ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ። ይህም ቢሆን ከአሮጌው ጋር ሒሳብ አለው፤ ነባሪ ባሕርይ ሲቀየር፣ ሶፍትዌሩን ያደሰ ደንበኛ በማግሥቱ መንገዶቹ ሁሉ ጠፍተው ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው አርኤፍሲ 8212 ሠሪዎች ሽግግሩን እንዴት እንደሚያስኬዱ የሚመክር አባሪ የጨመረው።

ሁለተኛው ሁለቱ ወገኖች ሴሽን ሲከፍቱ የሚስማሙበት ለውጥ ነው። በኦፕን መልእክት ውስጥ እያንዳንዱ የሚችለውን በካፓቢሊቲ ይገልጻል፤ የአሠራሩ ደንብ በአርኤፍሲ 5492 አለ። የቢጂፒ መልእክት ጣሪያ ከ4,096 ባይት ወደ 65,535 ከፍ ያለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰነዱ በጥቅምት 2019 የወጣው አርኤፍሲ 8654 ነው። የዚያን ሰነድ አስተሳሰብ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ኦፕን መልእክቱ ራሱ ከጭማሪው ውጭ ነው፤ ስምምነቱ የሚደረገው በእሱ ስለሆነ ከስምምነቱ በፊት ትልቅ መሆን አይችልም። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ከአዲስ ጎረቤት 6,000 ባይት የሆነ አፕዴት ተቀብያለሁ፣ ላስተላልፍለት የሚገባው ሌላው ጎረቤቴ ግን አሮጌ ነው፤ ምን ላድርግ? መልሱ ተጽፏል። ሊጣሉ የሚፈቀድላቸውን አትሪቢዩቶች (ከመንገዱ ጋር የሚላኩ መግለጫዎች) ጥሎ ማሳጠርን ሞክር፤ ካልበቃ አትላክ፤ ያንን መንገድ ቀደም ብለህ ለእሱ አስተዋውቀህ ከሆነ ስረዘው። የመጨረሻዋ ሐረግ ባትኖር ኖሮ አሮጌው ራውተር ያለፈበትን መንገድ ይዞ ይቀር ነበር። ካፓቢሊቲ ጎረቤትን ብቻ እንጂ የጎረቤትን ጎረቤት አይመለከትም። ረቂቃችሁ በሁለቱ መካከል ስለሚሆነው ብቻ አውርቶ ሦስተኛውን ከረሳ ገና አላለቀም።

ሦስተኛው የማያውቁትን አልፎ የሚሄድ ለውጥ ነው። አንድ አትሪቢዩት ኦፕሽናል ትራንዚቲቭ ተብሎ ምልክት ሲደረግበት፣ የማያውቀው ራውተር እንኳ ሳይነካ ያስተላልፈዋል። የኤኤስ ቁጥር ከ2 ባይት ወደ 4 ባይት ያደገው በዚህ ብልሃት ነው። ባለ 2 ባይቱ ከ65,536 የበለጡ የተለያዩ ቁጥሮች አይዝም፤ እያለቀ ነበር። አዲሱ ራውተር ለአሮጌው ሲልክ በ2 ባይት የማይገባውን ቁጥር በ23456 ይተካዋል፤ እውነተኛውን መንገድ (የኤኤስ ቁጥሮቹን ዝርዝር) ደግሞ ኤኤስ4 ፓዝ በሚባል አዲስ አትሪቢዩት ያስከትላል። አሮጌው ምንነቱን ሳያውቅ ያሳልፈዋል፤ ወዲያ ማዶ ያለው አዲስ ራውተር ሁለቱን አጣምሮ ሙሉውን መንገድ ይገጣጥማል። ዓለም ሁሉ በአንድ ሌሊት ሶፍትዌር እንዲያድስ የጠየቀ የለም።

ይህ መንገድ ኃይለኛም አደገኛም ነው። በነሐሴ 27 ቀን 2010 የአውሮፓና የአካባቢው የኢንተርኔት አድራሻ መዝጋቢ ራይፕ ኤንሲሲና ዱክ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባደረጉት ሙከራ፣ በደንቡ መሠረት ትክክል የሆነ ግን ማንም የማያውቀው ትልቅ አትሪቢዩት የያዘ መንገድ ተሠራጨ። አንድ ዓይነት የራውተር ሶፍትዌር ሲያስተላልፈው አበላሸው። የተበላሸውን የተቀበሉ ጎረቤቶች 4271 ያዘዘውን አደረጉ፦ ኖቲፊኬሽን (የስህተት ማስታወቂያ) ልከው ሴሽኑን ዘጉ። ሴሽኑ እንደገና ሲከፈት ያው መንገድ እንደገና መጣ፣ ሴሽኑም እንደገና ተዘጋ። በአንድ የተበላሸ መንገድ ምክንያት በዚያ ሴሽን ላይ ያሉ ጤነኛ መንገዶች ሁሉ አብረው ወደቁ። ሙከራው ቶሎ ቢቋረጥም የሰነዱ ድክመት ግልጽ ወጣ። በነሐሴ 2015 የወጣው አርኤፍሲ 7606 ደንቡን ገለበጠው፦ አብዛኛውን የአትሪቢዩት ብልሽት መንገዱ እንደተሰረዘ ቁጠረው፣ ሴሽኑን አትዝጋ። በመካከሉ አምስት ዓመት አለፈ። እናንተም ለማያውቁት የሚያልፍ ነገር ስትነድፉ፣ በመንገድ ላይ ያለ አንድ ራውተር እንደሚያበላሸው ቆጥራችሁ ንደፉ።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን በደንቡ ውሰዱ

አዲስ አትሪቢዩት፣ ካፓቢሊቲ ወይም የስህተት ኮድ ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሮቹን የሚመዘግበው አያና ነው፤ እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ደንብ አለው። የቢጂፒ ፓዝ አትሪቢዩት ቁጥር የሚሰጠው በስታንዳርድ ሰነድ ብቻ ነው። የካፓቢሊቲ መዝገብ ለቀቅ ያለ ነው፦ ከ64 እስከ 238 ያለው ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል፣ ከ239 እስከ 254 ያለው ለሙከራ የተተወ ነው።

ከመዝገቡ ላይ «ባዶ» የሚል ቁጥር አይቶ ኮድ ውስጥ መክተት ቀላል ይመስላል። የላርጅ ኮሚዩኒቲ ታሪክ ውጤቱን ያሳያል። ባለ 4 ባይት ኤኤስ ያላቸው ኔትወርኮች በመንገዶቻቸው ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ይህ አትሪቢዩት በ2016 ቁጥር 30 ተሰጥቶት ነበር። ለሙከራ ሲሠራጭ ግን አንዳንድ ኔትወርኮች መንገዱን አያዩትም ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ አንድ አምራች ቁጥር 30ን ሳያስመዘግብ ለሌላ ነገር ይጠቀምበት ነበር፤ ራውተሮቹ አዲሱን አትሪቢዩት እንደ ተበላሸ አሮጌ እያዩ መንገዱን ይጥሉ ነበር። ጉዳዩ በክርክር ከመጎተቱ በፊት አዲስ ቁጥር 32 ተሰጠና በየካቲት 2017 አርኤፍሲ 8092 ወጣ። አብሮትም አርኤፍሲ 8093 ወጣ፤ ሥራው ያለ ፈቃድ የተያዙትን 30፣ 31፣ 129፣ 241፣ 242 እና 243 ከአገልግሎት ማግለል ብቻ ነው። በአንድ ባይት መዝገብ ውስጥ ስድስት ቁጥር ማጣት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ሩቅ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ላለ ሥራ ለሙከራ የተመደበውን ቁጥር ተጠቀሙ። ረቂቁ በቡድን ተቀባይነት አግኝቶ ኮድ መጻፍ ሲጀመር በአርኤፍሲ 7120 መሠረት ቅድመ ምደባ እንዲጠየቅላችሁ ለሰብሳቢዎቹ ንገሩ፤ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ረቂቁን ጻፉ

በኤክስኤምኤል ወይም በማርክዳውን ጻፉት፤ ወደ አርኤፍሲ ቅርጽ የሚቀይሩ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። የግል ረቂቅ ስም የጸሐፊውን ስም፣ የቡድኑን ስምና ርዕሱን ይዞ በ00 ይጀምራል። ከ185 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ ማደስ ካላቆማችሁ ግን ይቀጥላል። አይዲኒትስ በሚባለው መፈተሻ አሳልፉት፤ ቅርጽን የሚመለከት አስተያየት ከሰው እንዳትጠብቁ ያደርጋችኋል።

ረቂቁ 4271ን የሚያሻሽል ከሆነ ይህ በራስጌው ላይ ብቻ ሳይሆን በአብስትራክቱ ውስጥም መነገር አለበት። የምትለውጡትን አንቀጽ በቁጥሩ ጥቀሱ፤ የቀድሞውን ጽሑፍና አዲሱን ጽሑፍ ከላይና ከታች አስቀምጡ። አርኤፍሲ 9687 ይህን በሚገባ አድርጎታል፦ 4271 በ28 ክስተቶች የሚገልጸውን የሴሽን የሁኔታ ማሽን (ሴሽኑ በየሁኔታው ምን እንደሚያደርግ የሚደነግገውን) ወስዶ 29ኛውን ክስተት ጨመረ፣ በየትኛው ሁኔታ ላይ ምን እንደሚደረግም ጻፈ። ጎረቤቱ ስለማያነብ የሚላክለት ኖቲፊኬሽን ላይደርሰው እንደሚችል አስቦም፣ ሴሽኑን የሚዘጋው ራውተር ምክንያቱን በራሱ ሎግ እንዲመዘግብ አደረገ። በሌሊት የሚጠራ ኢንጂነር መልሱን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ግዴታን የሚገልጹት «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» የሚባሉት በትልቅ ፊደል የሚጻፉ ቃላት በአርኤፍሲ 2119 እና 8174 የተደነገገ ትርጉም አላቸው። አታብዟቸው። «ሹድ» ስትሉ፣ ሰውየው መቼ ላይታዘዝ እንደሚችል አብራችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ እያንዳንዱ ኮድ ጸሐፊ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል።

ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አነጻጽሩ። «የተበላሸ አትሪቢዩት ሲደርስ ራውተሩ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ አለበት።» ይህን ያነበቡ አምስት ኮድ ጸሐፊዎች አምስት ነገር ይሠራሉ። አሁን ደግሞ ይህን፦ «የአትሪቢዩቱ ርዝመት ዜሮ ከሆነ ወይም የ12 ባይት ብዜት ካልሆነ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ተቀባዩም መንገዱን እንደተሰረዘ አድርጎ ይይዘዋል።» የላርጅ ኮሚዩኒቲ ደንብ ይህ ነው። መቼ ተበላሸ እንደሚባልና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ ሁለቱም አሉበት። ከ7606 ወዲህ አዲስ አትሪቢዩት የሚያመጣ ሰነድ ሁሉ ይህን ክፍል መያዝ ግዴታው ነው።

የደኅንነት ክፍሉን ለመጨረሻ ቀን አትተዉት። «አዲስ ስጋት አይጨምርም» የሚለውን አንዲት መስመር ገምጋሚዎች ተመልሰው ይጠይቁባታል። ክፉ ጎረቤት ይህን አትሪቢዩት ሆን ብሎ ቢሞላው፣ በሺህ ቢደጋግመው፣ ከሌላ ቦታ ቀድቶ ቢልከው ምን ይሆናል? ያንን ጻፉ። በምሳሌዎች ውስጥ የእውነተኛ ድርጅት አድራሻ አታስገቡ፤ ለሰነድ ተብለው የተለዩ አሉ፦ የኤኤስ ቁጥር ከ64496 እስከ 64511፣ አድራሻ 192.0.2.0/24። ሥራው የፓተንት ጉዳይ ካለበት አሁኑኑ አሳውቁ፤ ደንቡ ቢሲፒ 79 ነው፣ ዘግይቶ የሚወጣ ፓተንት ረቂቅን ይገድላል።

ደረጃ 6፦ ኮድ ይዛችሁ ኑ

አይዲአር አንድን ሰነድ ወደፊት ከማሳለፉ በፊት ቢያንስ ሁለት እርስ በርስ የሚግባቡ ኮዶች እንዲኖሩ ይጠይቃል። ሁለቱን በተለያዩ ሰዎች እጅ አስጽፉ። አንድ ሰው ሁለቱንም ከጻፈ በጭንቅላቱ ያለውን በወረቀቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሌላው ሰው ከረቂቁ ተነሥቶ ሲጽፍ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ ረቂቁ ያልመለሰው ነገር ነው፤ በኢሜይል መልሳችሁለት ዝም አትበሉ፣ መልሱን ወደ ጽሑፉ አስገቡት።

ከዚያ ሦስት ራውተር አሰልፉ፦ አዲስ፣ አሮጌ፣ አዲስ። በመካከል ያለው ስለ ለውጡ ምንም የማያውቅ ይሁን። አትሪቢዩቱ ሳይጎዳ አልፎ ይሄዳል? መካከለኛው ሴሽኑን ይዘጋል? በእጅ ያበላሻችሁትን ባይት ስትልኩስ? ውጤቱን በረቂቁ ውስጥ አርኤፍሲ 7942 በሚፈቅደው የትግበራ ሁኔታ ክፍል መዝግቡ፤ ክፍሉ ከኅትመት በፊት ይወጣል፣ እስከዚያ ግን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያሳምናል።

ደረጃ 7፦ በቡድኑ ፊት

ረቂቁን ካስገባችሁ በኋላ ለቡድኑ ሜይሊንግ ሊስት አጭር መልእክት ጻፉ። ችግሩን በሦስት አራት መስመር ግለጹ፣ መፍትሔውን በአንድ መስመር፣ ኮዱ የት እንዳለ በአንድ መስመር። አይኢቲኤፍ በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል፤ በርቀት መሳተፍም ይቻላል። ውሳኔ ግን የሚጸናው በሜይሊንግ ሊስቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስብሰባ መሄድ ያልቻለ ሰው ምንም አይቀርበትም።

ሰብሳቢዎቹ ቡድኑ ረቂቁን ይቀበለው እንደሆነ ሲጠይቁ ዝምታ ድጋፍ አይባልም። ችግሩ የነካቸው ኦፕሬተሮች «እኛም ጋ አለ፣ እንፈልገዋለን» ብለው በገዛ ቃላቸው እንዲጽፉ ጠይቁ። ከአምራቾች አምስት ድጋፍ ይልቅ ከአንድ ኦፕሬተር የመጣ የክስተት መግለጫ ክብደት አለው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ረቂቁ የቡድኑ ነው፤ እናንተ ብዕሩን የያዛችሁ ሰዎች ናችሁ። የማትወዱትን ለውጥ ቡድኑ ከተስማማበት መጻፍ ግዴታችሁ ይሆናል።

እዚህ ድምፅ አይቆጠርም። በአርኤፍሲ 7282 እንደተብራራው ስምምነት ማለት እያንዳንዱ ተቃውሞ ተሰምቶ፣ ተመርምሮ፣ መልስ አግኝቷል ማለት ነው፤ ተቃዋሚው ባይረካም። አንድ ሰው ብቻውን ያነሣው የማይመለስ ቴክኒካዊ ጥያቄ ሃምሳ ድጋፍን ያቆማል። ስለዚህ ተቃውሞ ሲመጣ ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ «ይህን ማለትህ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በምን አንቀጽ እንዴት እንደምታስተካክሉት አዲሱን ጽሑፍ ጠቅሳችሁ አቅርቡ። የማትቀበሉት ከሆነ ለምን እንደሆነ ለሰብሳቢዎቹ መዝገብ እንዲሆን በግልጽ ጻፉ። ተቃዋሚውን ለማድከም የሚሞክር ደራሲ ብዙ አይቻለሁ፤ የተቃወመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለውጡ ሲመጣ የሚሰበረውን ያንን አሮጌ ሶፍትዌር በእጁ የያዘው ነው።

ደረጃ 8፦ ከመጨረሻ ጥሪ እስከ ኅትመት

ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። ቡድኑ የመጨረሻ ጥሪ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ኤሪያ ዳይሬክተሩ (የራውቲንግ ዘርፍ ኃላፊው) ያነባል፤ ቀጥሎ መላው አይኢቲኤፍ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አስተያየት ይሰጣል። ከራውቲንግ ውጭ ያሉ የደኅንነትና የአስተዳደር ገምጋሚዎችም ያዩታል፤ ቢጂፒን በየቀኑ ለማይነካ ሰው የማይገባ አንቀጽ የሚጋለጠው እዚህ ነው። የኤሪያ ዳይሬክተሮቹ ጉባኤ ለሆነው ለአይኢኤስጂ ሲቀርብ አንድ አባል «ዲስከስ» ካለ ሰነዱ ይቆማል፤ ነጥቡ ሲፈታ ይነሣል። በመጨረሻ አርኤፍሲ ኤዲተር ቋንቋውን ያርማል፣ ሁሉም ደራሲዎች አንድ በአንድ ማጽደቅ አለባቸው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አራሚው ለሰዋስው ብሎ ያዛወራት አንዲት ሐረግ ግዴታውን ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው ልታሻግር ትችላለች፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከኮዳችሁ ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ

አርኤፍሲ ቁጥር አግኝቶ በየራውተሩ ያልገባ ማሻሻያ ማንንም አልጠቀመም። በሰኔ 2 ቀን 2023 የተበላሸ አትሪቢዩት ቁጥር 28 የያዘ መንገድ ተሠራጭቶ ሴሽኖች ወደቁ። ቁጥር 28 በየካቲት 2015 በአርኤፍሲ 7447 ከአገልግሎት የተገለለ ነበር፤ 7606ም ከወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር። በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ግን የ7606 አያያዝ የሚሠራው በኮንፊገሬሽን ሲበራ ብቻ ነበር፤ ያላበሩት በ2006ቱ ደንብ ሄዱ። ማስወገድም እንዲሁ ይዘገያል፦ ብዙ የኤኤስ ቁጥሮችን ያለ ቅደም ተከተል የሚያጠቃልለውን ኤኤስ ሴት የሚባል አሠራር አትጠቀሙ የሚል ምክር በ2011 በአርኤፍሲ 6472 ወጥቶ፣ ስታንዳርዱን አሻሽሎ ክልከላ የሆነው በ2025 በአርኤፍሲ 9774 ነው።

ስለዚህ ሥራውን በዚህም ቀጥሉ። ኮዱ በነጻ ሶፍትዌሮቹ ዋና ቅጂ ውስጥ መግባቱን፣ በነባሪ መብራቱን ተከታተሉ። የዋየርሻርክ መተርጎሚያ አዲሱን አትሪቢዩት በስሙ እንዲያሳይ ኮድ ላኩ፤ ችግር የሚፈታ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ኔትወርክ የምታስተዳድሩ ከሆነ በመሣሪያ ግዢ ሰነዳችሁ ላይ «ቢጂፒን ይደግፋል» በሚለው ፈንታ 7606፣ 8212 እና 9687ን በቁጥራቸው ጻፉ፤ አምራቹ ለእያንዳንዱ በነባሪ የበራ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይመልስ። መሣሪያው ሲደርስም በደረጃ 6 በሠራችሁት ላብራቶሪ ውስጥ ከሁለት አዲስ ራውተሮች መካከል አስገቡትና ያንኑ የተበላሸ ባይት ላኩለት።